ቪትዝ ቅርስ አይደለም

በአዲስ አበባ ከሚነገሩ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የሚያበግነኝ የለም፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፤ ብር ነው!» ደላላው ይህን የሚለው ሃያ ዓመት ባለፈው ቪትዝ ኮፈን ላይ መዳፉን ጭኖ ነው። «ዛሬ ገዝተው ግቢዎ ያቁሙት፤ አይንዱት። በዓመቱ ጨምረው ካልሸጡት እኔን ይጥሩኝ።» ውሸታም ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። የሚያንገበግበኝ እውነቱን መናገሩ ነው።

እያደር የሚጥመው ጠጅ ነው። ቆርቆሮ እያደር ይዝጋል፤ የፍሬን ቱቦ ይደርቃል፤ ጎማ ይሰነጠቃል፤ የሞተር ቀለበት ይበላል። መኪና አስፋልት ከረገጠበት ቀን ጀምሮ ዋጋው መውረድ ይገባዋል፤ ቁልቁል መሄዱ ነው ለአስተማሪውም፣ ለነርሷም፣ ለጡረተኛውም አንድ ቀን የሚያደርሰው። የመጀመሪያው ባለቤት በአዲስ ዋጋ ይገዛል፣ ሁለተኛው በግማሽ፣ ሦስተኛው በሩብ። እኛ ዘንድ ይህ መሰላል ተሰብሯል። ሦስተኛው ገዢ ከመጀመሪያው በላይ ይከፍላል፤ ከፍሎም «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል።

ቪትዝን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ከሚያደንቁት አንዱ ነኝ፤ የምናደደውም ለዚህ ነው። በጥር 1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፍ፤ ደላሎቹም ሞዴል የሚቆጥሩት በእሱ ነው) ቶዮታ ስታርሌት የምትባለውን ትንሽ መኪናውን አሳርፎ ቪትዝን ለጃፓን ገበያ ሲያቀርብ፣ የተፈታው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ርዝመቷ 3.61 ሜትር ብቻ የሆነች መኪና ውስጥ እንዴት ነው አራት ጎልማሳ ጉልበቱ ሳይጣበቅ የሚቀመጠው? መልሱን የሳለው በቶዮታ የአውሮፓ የንድፍ ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነው። ጣራውን ወደ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አደረገው፤ መንኮራኩሮቹን ወደ ዳርቻ ገፋቸው፤ ፍጥነት መቁጠሪያውን ከመሪው ፊት አንሥቶ ዳሽቦርዱ መሃል አስቀመጠው። የኋላውን ወንበር ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት አደረጉት፤ ዕቃ ሲበዛ ሰው ይጠጋል፣ ሰው ሲበዛ ዕቃ ይጠጋል። የዓመቱ የጃፓን መኪና ተባለች። በአውሮፓ ስሟ ያሪስ ሆኖ በ2000 የዓመቱ የአውሮፓ መኪና ተባለች። በ2001 ደግሞ ቶዮታ ሰሜን ፈረንሳይ ቫለንሲየን አጠገብ ፋብሪካ ከፍቶ እዚያው መገጣጠም ጀመረ።

ልብ በሉ፤ ይህች መኪና የተሠራችው ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው ነው። ለተማሪ፣ ለአዲስ ሙሽሮች፣ ገበያ ለምትወጣ ባልቴት። ማንም ኢንጂነር ቁጭ ብሎ «እስቲ የሀብት ማከማቻ እንሥራ» አላለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስደስታል። በ2005 ሁለተኛው ትውልድ መጣ፤ ርዝመቱ 3.75 ሜትር፤ የአንድ ሊትሩ ሞተር ከአራት ሲሊንደር ወደ ሦስት ወርዶ ቀለል አለ፤ ነዳጁንም ቆጠበ። ሞተር ሲነሣ የምትሰሟት ያቺ የሦስት ሲሊንደር መንቀጥቀጥ ከዚያ ጀምራ ነው። ዋናው ለውጥ ግን ከዓይን የራቀው ነበር። የአውሮፓው ያሪስ የሾፌሩን ጉልበት የሚጠብቀውን ጨምሮ እስከ ዘጠኝ ኤር ባግ ይገጠምለት ነበር፤ የመጀመሪያው ትውልድ በአውሮፓ የግጭት ፈተና አራት ኮከብ ሲያገኝ ሁለተኛው አምስት አገኘ። ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ወጣ። በ2020 ጃፓንም የቪትዝን ስም ተወችና አራተኛውን ትውልድ ያሪስ አለችው። ያ መኪና ሁለቱ የፊት ተሳፋሪዎች በግጭት ጊዜ ጭንቅላት ለጭንቅላት እንዳይላተሙ በመካከላቸው የሚነፋ ኤር ባግ አለው። በ2021 የአውሮፓን የዓመቱ መኪና ሽልማት እንደገና ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠለጠነ ሰው አእምሮ የደከመበት አንድ ነገር አለ፦ ርካሽ መኪና የገዛ ቤተሰብ ርካሽ ሞት እንዳይሞት። የዚች መኪና ታሪክ ይህ ነው። እኛ ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀድደን ወስደን፣ ላሚኔት አድርገን፣ በሚሊዮን ብር እንሸጠዋለን።

የመጡትስ እንዴት ነው የመጡት? ጃፓን በግራ በኩል ትነዳለች፤ መሪው በቀኝ ነው። እኛ በ1964 ወደ ቀኝ መስመር ተሻግረናል፤ መሪያችን በግራ ነው። ስለዚህ ብዙው ቪትዝ ከጃፓን ተነሥቶ፣ በባሕረ ሰላጤው ወርክሾፖች አልፎ፣ ዳሽቦርዱ ተነቅሎ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ነው አዲስ አበባ የደረሰው። «የአውሮፓ ነው» የሚለው ቃል በደላላ አፍ ላይ የሚያስወድደው ለዚህ ነው፤ መሪው ያልተነካ ማለት ነው። እኔ መሪ የሚያዞሩትን ሰዎች ሙያ አልንቅም። ግን እስቲ ልጠይቅ፦ የኤር ባጉ ሽቦ በትክክል መመለሱን ማን አረጋገጠ? ማን ፈትኖ ፈረመበት? የዳሽቦርዱ መብራት ላይ ኤር ባግ የምትለው ምልክት ለምን አትበራም ብሎ የጠየቀ ገዢ ስንት ነው? አንዳንዱ ጋራዥ መድኃኒቱን ያውቃል፤ አምፖሏን ይነቅላታል። መብራት የለም፣ ችግር የለም።

ለዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ላሳድስ ስሄድ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይነጻጸራል። «ኤር ባጉ አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የእሳት ማጥፊያህ የት አለ ይሉሃል፤ ማጥፊያዋ ባዶ ብትሆንም ቀይ ከሆነች ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ተከሳሾች ልምጣ።

ለረጅም ጊዜ የነበረውን የቀረጥ ስሌት በወረቀት ሥሩት። ወደብ ላይ 100 ብር የሚያወጣ ትንሽ መኪና አለ እንበል። ጉምሩክ 35 በመቶ ይጥላል፤ 135 ሆነ። እስከ 1,300 ሲሲ ላለው ኤክሳይዝ 30 በመቶ፤ 175 ተኩል። ቫት 15፣ ሱር ታክስ 10፤ እያንዳንዱ በፊተኛው ላይ ይደረባል። መጨረሻው 222 ብር ነው። መንግሥት ከመኪናው ዋጋ በላይ ወሰደ ማለት ነው፤ አስመጪው ገና አላተረፈም፤ ደላላው ገና አልሳለም። ከ1,300 ሲሲ ካለፈ ደግሞ ኤክሳይዙ 60 በመቶ ይሆንና 273 ብር ይገባል። የቀድሞዎቹ ቪትዞች «አንድ ነጥብ ሦስት» ሞተር 1,298 ሲሲ ነበር፤ በሁለት ሲሲ አመለጠ። በኋላ የመጣው፣ ይበልጥ የሚቆጥበውና ዘመናዊው ሞተር ግን 1,329 ሲሲ ሆነ። በ29 ሲሲ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ በማትሞላ ባዶ ቦታ፣ የተሻለው መኪና የቅንጦት ረድፍ ውስጥ ገባና አሮጌው «ቆጣቢ» ተባለ። ይህን የቀረጥ ሠንጠረዥ ያወጣው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ኮፈን ከፍቶ ያውቅ ይሆን?

ከዚያ በ2020 አዲሱ የኤክሳይዝ አዋጅ መጣ። ለአዲስ ትንሽ መኪና ኤክሳይዙን ወደ 5 በመቶ አወረደ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀው ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አጨብጭቤያለሁ። የዓለም ጥራጊ መጣያ መሆናችን ይብቃ ነው ያለው። ግን አዲስ መኪና የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላሩስ? የውጭ ምንዛሬ ወረፋ ላይ ትራክተር፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ቆመው ሳለ ለእኔና ለእናንተ ሃችባክ ማን ይፈቅዳል? አሮጌው እንዳይገባ በሩ ተዘጋ፤ አዲሱ እንዲገባ በሩ አልተከፈተም። ቀድሞ ውስጥ የነበረው አሮጌ ምን ሆነ? ነገሠ። በጥር 2024 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ፤ በሐምሌ መጨረሻ ላይ ብሩ ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት መቶውን አለፈ። ገበያው ላይ ያለ ሁሉ ነገር እንደገና ዋጋ ወጣለት፤ ግቢ የቆመው ቪትዝ ጭምር። ባለቤቱ ተኝቶ አደረና ከበረ።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚያቃጥለኝ የቅንጦት ሐሳብ ነው። ቪ ኤይት ላንድ ክሩዘር ውስጥ፣ በመንግሥት ነዳጅ፣ በመንግሥት ሾፌር ተቀምጦ አንድ ሊትር ሞተር ያላትን መኪና «ቅንጦት» ብሎ ኤክሳይዝ የሚጥል ባለሥልጣን ምን ይባላል? ከሰሚት ሜክሲኮ በሚኒባስ ሰልፍ ቆማ፣ ልጅ አዝላ፣ በዝናብ የምትበሰብስ እናት መኪና ብትመኝ ምኑ ነው ቅንጦት?

ስለ ዳገቱም ልናገር፤ ማንም አይናገርለትምና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። የአንድ ሊትሯ ቪትዝ ፋብሪካ የሰጣት 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ እዚህ ስትደርስ ከሃምሳ ብዙ አትዘልም። እንጦጦ ስትወጣ፣ 3,000 ሜትር ላይ፣ ሲሶ ገደማው ጠፍቷል። አሁን አምስት ሰው ጫኑባት። አባትየው ፊት፣ እማማ ከኋላ በነጠላቸው ተሸፍነው ለጸበል፣ በመካከል ልጆች፣ ከኋላ ጀሪካን። የፋሲካ ሰሞን ከሆነ እግሩ የታሰረ ሙክት ይጨመራል፤ በመስኮት በኩል ለመላው ሰፈር ይጮኻል። ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው፣ ኤሲውን አጥፍቷል፣ ወደፊት ተደግፎ በትከሻው የሚገፋ ይመስለዋል። ትወጣለች ግን። ሁልጊዜም ትወጣለች። ለዚህ ቶዮታን አመሰግናለሁ።

ልጆቹ ግን ቀበቶ አላሰሩም። አንዱ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ቆሟል። ይህን ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር አላደረገውም፤ እኛ ነን። ለስፖኪዮ ጌጥ፣ ለመሪ ልባስ፣ ለዳሽቦርድ ምንጣፍ የሚወጣው ብር የሕፃን ወንበር ይገዛ ነበር። መኪናውን ከጭረት እንጠብቃለን፤ የምንጭነውን አንጠብቅም፤ ምክንያቱም ጭረት ዋጋ ይቀንሳል።

የቀድሞዎቹ ከእኛ ይሻሉ ነበር ልበል? አንዱ ይሻል ነበር። ላዳን አስታውሱ። ሶቪየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው ፊያት 124ን ሲወስዱ እንዳለች አልተቀበሏትም። መንገዳችን ይህን አይችልም አሉ፤ የቦዲውን ብረት አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በጭቃና በበረዶ አይበረክትም ብለው በድራም ቀየሩት። ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ላይ የተመረተችው እሷ ናት በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ትውልድ ያመላለሰችው። ቀፎዋ አስቀያሚ ነው፣ ነዳጅ ትጠጣለች፤ ግን አንድ አገር ስለ ራሱ መንገድ አስቦባታል። ለቪትዝ ያሰበላት ማን ነው? ገዢው ራሱ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሞላው ላይ የሚገባ ጎማ ገዝቶ ከፍ ያስደርጋታል። ከፍ ስትል አቋሟ ይለወጣል፣ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች፣ የፊት እግሯ ቶሎ ይበላል። የአስፋልታችንን ጉድጓድ መድፈን ያቃተው ከተማ መሐንዲስነቱን ለጎሚስታ አስረክቧል።

አሮጌዋን ኮሮላ ዲኤክስን የሚያነሣብኝ አይጠፋም። «አርባ ዓመት ሞላው፣ እስካሁን ይሠራል!» ይሠራል። የዲኤክስ ቅድመ አያት የሆነችው የመጀመሪያዋ ኮሮላ በ1966 ስትወጣ ዋና መሐንዲሷ ታትሱኦ ሃሴጋዋ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ንድፍ ይሠራ የነበረ ሰው። አንድ መመሪያ ነበረው፦ የሕዝብ መኪና በሁሉም ነገር ቢያንስ 80 ነጥብ ማምጣት አለባት፤ በምቾትም፣ በፍጥነትም፣ በደኅንነትም፣ በዋጋም፤ ከዚያ በላይ በአንዳንዱ የሚያስደንቅ ጭማሪ ይኑራት። በአንዱ 100 አምጥታ በሌላው ከወደቀች ለሃሴጋዋ ወድቃለች። የእኛ ገበያ አንድ ትምህርት ብቻ ነው የሚፈትነው፤ ስትሸጥ ስንት ታወጣለች? በደኅንነት ዜሮ ብታመጣ ግድ የለም። አንዲት ጎረቤቴ ከቪትዟ በተሻለ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ኤር ባጉ የተሟላ፣ የሌላ ፋብሪካ መኪና በተመሳሳይ ዋጋ ቀርቦላት ነበር። «አይ፣ እትዬ» አላት የሠፈራችን ሜካኒክ፣ «እሱን ማን ይገዛዎታል?» ገና ሳትገዛው የምትሸጥበት ቀን ተጨነቀላት።

አውቃለሁ፤ መልስ አላችሁ። «ባንክ ብናስቀምጠው ግሽበት ይበላዋል። ቤት አይገዛ፤ መሬት አይታሰብ። ለደመወዝተኛ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነው።» ይህ ክርክር ያሸንፈኛል፤ ዕቁብ ደርሷት ቪትዝ በገዛች መምህርት ላይ አንድ ቃል አልናገርም። እሷ ያደረገችው ገንዘቧን ከእሳት ማውጣት ነው። ቁጣዬ ያለው አምስትና ስድስት ገዝቶ በሸራ ሸፍኖ ከሚያቆመው ጋር ነው፤ የኪራይ ሾፌር ቀጥሮ ራይድ ያሰማራና ለጥገና ብር ሲጠየቅ «ትንሽ ትቆይ» ከሚለው ጋር ነው። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ብረት ሲፋጭ የምትሰሙት የእሱ መኪና ነው፤ ከኋላ የተቀመጣችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ቀረጥ የፈጣሪ ትእዛዝ እንዳልሆነ መንግሥት ራሱ አሳይቶናል። ኤሌክትሪክ መኪና ሲፈልግ በ2022 ኤክሳይዙን፣ ቫቱን፣ ሱር ታክሱን በአንድ መመሪያ አነሣ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩኩን ወደ 15 በመቶ አወረደ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ አደረገ። በአንድ ብዕር! ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን «አይቻልም» ሲሉን የነበረው ምን ነበር?

ኤሌክትሪኩ በራሱ ለዚህች ከተማ የተፈጠረ ነው እላለሁ። ሞተሩ አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦም ሆነ አዋሽ ለእሱ አንድ ነው። ቢዋይዲ በ2023 ያወጣት ሲገል 3.78 ሜትር ናት፤ ከሁለተኛው ቪትዝ በጣት ብትበልጥ ነው። ባትሪዋ 30 ወይም ወደ 39 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ለከተማ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አራት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ እማማ የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ገመዱን በመስኮት ይዘርጋ ወይስ በገመድ ያውርድ የሚለውንም የቤቶች ኃላፊዎች ይመልሱልን። ቢሆንም አየር የሚመስል አየር ገባ አልኩ። በመጨረሻ እንደ መኪና የምትታይ መኪና መጣች አልኩ።

ከዘመዶቼ አንዱ ባለፈው ገዛ። ሄጄ ባየው መኪናዋ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍናለች፤ የወንበሮቹ ፕላስቲክ አልተነሣም። እሱ ሥራ የሚሄደው በታክሲ ነው። አስቀምጬ አስረዳሁት። ይህች መኪና ቻይና ውስጥ ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ 73,800 ዩዋን ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 69,800 ሆነ፤ በ2025 ፋብሪካው ራሱ ወደ 55,800 አወረደው። ባትሪ በየዓመቱ ይረክሳል፣ አዲሱ ሞዴል አሮጌውን ይጥለዋል፤ ቆሞ የሚኖር ባትሪም ቢሆን ያረጃል። አውጣት፣ ልጆችህን ትምህርት ቤት አድርስባት፣ ሚስትህን ገበያ ውሰዳት፣ ንዳት እንጂ አልኩት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ከዚያ የሸራውን ጫፍ እያስተካከለ፣

«ልክ ነህ ጋሼ፤ ግን ደላላው እስከ ጥምቀት ጠብቅ ብሎኛል» አለኝ።